ከጣዕሙ በፊት ቁጥሩን አንብቢ፦ ስለ ኒኮቲን ሶልት ቬፕ ማወቅ ያለብሽ



ይህ ትምህርት በዐማን ከተማ በሰው ቤት ለምትሠሩ እህቶች የተዘጋጀ ነው። በጀበል አል-ሁሴን የምትሠሪ ከሆነ ነገሩን ታውቂዋለሽ። አርብ ዕረፍት ወጥተሽ በዱዋር ፊራስ በኩል ስታልፊ፣ ከልብስ መደብሩና ከሞባይል ሱቁ መሐል ቬፕ የሚሸጥ ታገኛለሽ። የማንጎ፣ የወይን፣ የናና ጣዕም ያላቸው፣ እንደ ሽቶ ያማሩ ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ብዙዎቹ ላይ «ሶልት» የሚል ጽሑፍ አለ። አብራሽ የወጣች ጓደኛ «ሲጋራ እኮ አይደለም፣ ሞክሪው» ትልሻለች። ወይም ደግሞ አንቺ ነክተሽው አታውቂም፤ ግን የማዳም ልጅ አልጋ ሥር ጥሎት የሄደውን ጠርሙስ የምታነሺው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ትምህርቱ ለሦስት ዓይነት እህቶች ይሆናል፦

- ሲጋራ ወይም አርጊሌ ለምታጨስና ወደ ቬፕ ለመቀየር ለምታስብ፤
- አጭሳ ለማታውቅና «ልሞክረው ወይ?» ለምትል፤
- ራሷ ለማትጠቀም፣ ግን በምትሠራበት ቤት ውስጥ ቬፕ ላለ።

ለሦስቱም የምንለው ዋና ነገር አንድ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ ተማሪ። ሱስ የሚያስይዝሽም፣ የምትይዢውን ሕፃን ሊጎዳ የሚችለውም ያ ቁጥር ነው እንጂ የፍራፍሬው ሥዕል አይደለም።

1. ኒኮቲን ሶልት ምንድን ነው?

የቬፕ ፈሳሽ በአብዛኛው አራት ነገር ይዟል፦ ፕሮፒሊን ግላይኮል፣ ግሊሰሪን፣ ማጣፈጫ ጣዕም እና ኒኮቲን። መሣሪያው በባትሪ ይሞቃል፤ ፈሳሹ እንደ ጭጋግ ሆኖ ይወጣል። ብዙ ሰው «የውኃ እንፋሎት ነው» ይላል። አይደለም። ውስጡ ኒኮቲንና ሌሎች ኬሚካሎች ያሉበት ጭጋግ ነው።

ኒኮቲን በሁለት መልክ ይሸጣል። አንደኛው «ፍሪቤዝ» ይባላል። ይህ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ስለዚህ ብዙ ኒኮቲን ያለበትን ስትስቢ ያስልሻል፣ ራስሽም ታቆሚያለሽ። ሁለተኛው «ሶልት» ነው። ሶልት ማለት ጨው ቢሆንም የወጥ ጨው አይደለም፤ ኒኮቲኑ ላይ አሲድ (ብዙ ጊዜ ቤንዞይክ አሲድ) ተጨምሮ የተሠራ ነው። አሲዱ ሲገባ ጉሮሮ መቧጠጡ ይቀንሳል፣ ለስላሳ ይሆናል።

ችግሩም ጥቅሙም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ጉሮሮሽ «በቃ» ብሎ ስለማያስጠነቅቅሽ፣ ከባድ ኒኮቲን ሳይታወቅሽ ትስቢያለሽ። በሶልት የሚሠራው «ጁል» የሚባለው ዕቃ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ገበያ ላይ ወጣ፤ 5 በመቶ ኒኮቲን ነበረው። ከዚያ በኋላ አጭሰው የማያውቁ ብዙ ወጣቶች በሱስ ተያዙ። በሌላ በኩል ለዓመታት ሲጋራ ያጨሰ ሰው ሶልት ቶሎ ስለሚያረካው ሲጋራውን ለመተው ይቀለዋል። አንድ ዓይነት ፈሳሽ ነው፤ ለአንዷ መውጫ፣ ለሌላዋ መግቢያ ይሆናል።

2. ቁጥሩን እንዴት ላንብበው?

ጠርሙሱ ላይ ወይ በመቶኛ፣ ወይ በሚሊግራም ይጻፋል። አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር በ10 አባዢ፦

- 1 በመቶ = በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊግራም
- 2 በመቶ = 20 ሚሊግራም
- 3 በመቶ = 30 ሚሊግራም
- 5 በመቶ = 50 ሚሊግራም

«5 በመቶ» ሲባል ትንሽ ይመስላል። እስኪ እናስላው። አንድ ፖድ (ፈሳሹ የሚሞላበት ትንሿ ዕቃ) 2 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። በ2 በመቶ ሶልት ብትሞይው ውስጡ 40 ሚሊግራም ኒኮቲን አለ። በ5 በመቶ ከሞላሽው 100 ሚሊግራም ይሆናል። 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ተጠቅመው የሚጥሉት ዓይነት በ5 በመቶ ከሆነ ደግሞ 500 ሚሊግራም ይዟል። አንድ ሲጋራ ስታጨሺ ወደ ደምሽ የሚገባው ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ከቬፑም ሁሉም ወደ ደም አይገባም፤ ቢሆንም ልዩነቱን ማየት ትችያለሽ።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ደንብ ከ20 ሚሊግራም በላይ ያለው ፈሳሽ እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ ጠርሙሱም ከ10 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ወስኗል። ሱቅ ውስጥ 30 ወይም 50 ስታዪ ይህን አስታውሺ።

3. ለኔ ይሆናል ወይ?

አጭሰሽ የማታውቂ ከሆነ፦ አትጀምሪው። ምክንያቱ ሥነ ምግባር ብቻ አይደለም፤ የኑሮሽ ጉዳይ ነው። ኒኮቲን በደም ውስጥ በ2 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ሱስ ከያዘሽ በየሁለት ሰዓቱ ሰውነትሽ ይጠይቅሻል። በፈለግሽ ጊዜ መውጣት በማትችይበት ቤት፣ ሱቅ መሄድ የምትችይው በሳምንት አንድ ቀን በሆነበት ሁኔታ፣ ይህ ማለት ሁለተኛ ማዳም ቀጠርሽ ማለት ነው። እሷም ሌሊት ሳይቀር ትጠራሻለች።

ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ፦ ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱንም መተው ነው። ሲጋራውን በሌላ መንገድ መተው ካቃተሽ ግን ሙሉ በሙሉ ወደ ቬፕ መቀየር ጉዳቱን ይቀንሳል። በሲጋራ ውስጥ የሚገድለው በዋናነት ከቃጠሎው የሚመጣው ሬንጅና ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቬፕ ውስጥ ቃጠሎ የለም። ኮክሬን የተባለው ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ግምገማ፣ ኒኮቲን ያለው ቬፕ ከኒኮቲን ማስቲካና ከሚለጠፈው ፕላስተር ይልቅ ብዙ ሰዎችን ከሲጋራ እንዳላቀቀ ገልጿል። ግን ልብ በይ፦ ሲጋራም ቬፕም እያፈራረቁ መጠቀም ጥቅሙን ያሳጣሻል። ቬፕ ጉዳት የለውም ማለትም አይደለም፤ ከሲጋራ ያነሰ ማለት ብቻ ነው።

አርጊሌ የምታጨሺ ከሆነ፦ «በውኃ የተጣራ ነው» የሚባለው ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳስታወቀው፣ አንድ ሰዓት የአርጊሌ ጨዋታ ላይ የሚሳበው ጭስ ከአንድ ሲጋራ ጭስ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ይደርሳል። አልፎ አልፎ ብቻ የምታጨሺ ከሆነ ግን ይህን ለመተው ሶልት አያስፈልግሽም። በየቀኑ ኒኮቲን መጀመር ይሆንብሻል።

እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ልትሆኚ ትችያለሽ ብለሽ ካሰብሽ፦ ኒኮቲን በማንኛውም መልኩ የፅንሱን አንጎልና ሳንባ ይጎዳል። ሐኪም አማክሪ። የምታጨሺ ከሆነ ደብቀሽ ከምትቸገሪ መናገር ይሻላል፤ የሚረዳ ሕክምና አለ።

የወሊድ መከላከያ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ፦ ዕድሜዋ ከ35 በላይ ሆኖ ሲጋራ የምታጨስ ሴት አንዳንድ ኪኒኖችን ስትወስድ ደም የመርጋት አደጋ ይጨምርባታል። ስለ ሲጋራውም ስለ ቬፑም ለሐኪሟ መንገር አለባት።

ልብ ሕመም፣ ደም ግፊት ወይም አስም ካለብሽ ሐኪም ሳታማክሪ አትጠቀሚ።

4. ስትገዢ ምን ትመለከቻለሽ?

ወስነሽ ከሆነ እነዚህን ነገሮች ተመልከቺ፦

ሀ. መጠኑን። ከ20 ሚሊግራም በላይ አትግዢ። በቀን አንድ ፓኮ የምታጨስ ሴት በ20 ልትጀምር ትችላለች። በቀን ጥቂት ሲጋራ ብቻ የምታጨስ ከ10 ወይም ከዚያ በታች ትጀምር። ሻጩን እንዲህ ብለሽ ጠይቂው፦ «ቀዴሽ ኒስበት ኢን-ኒኮቲን?» (የኒኮቲኑ መጠን ስንት ነው?)። ቀላሉን ከፈለግሽ «ቢዲ ኢል-ኸፊፍ» በይ። ያለ ኒኮቲን ከሆነ የምትፈልጊው «ቢዱን ኒኮቲን» ነው።

ለ. ጽሑፉን። የኒኮቲን መጠን፣ የተሠራበት አገር፣ የሚያበቃበት ቀንና ውስጡ ያለው ነገር ያልተጻፈበት ጠርሙስ አትግዢ። ሻጩ ከትልቅ ዕቃ ቀድቶ በባዶ ጠርሙስ ከሰጠሽ ተይው።

ሐ. ክዳኑን። ተጭኖ ካልሆነ የማይከፈት፣ ለሕፃን የሚያስቸግር ክዳን ይኑረው። የመጀመሪያው ማሸጊያም ያልተቀደደ ይሁን።

መ. መሣሪያውን። ሶልት ለትንሽ፣ ኃይሉ ዝቅተኛ ለሆነ የፖድ ቬፕ ነው የተሠራው። ብዙ ጭጋግ የሚያጎርፈው ትልቁ መሣሪያ በአንድ ሳብ ብዙ ፈሳሽ ያተናል። ሶልት እዚያ ውስጥ ብትጨምሪ ከመጠን ያለፈ ኒኮቲን ይገባብሻል። ትልቅ መሣሪያ ካለው ሰው ጠርሙስ ተበድረሽ በትንሹ አትሙይ፣ በግልባጩም እንዲሁ፤ ፈሳሹና መሣሪያው መስማማት አለባቸው።

ሠ. ዋጋውን። አንዱ ዕቃ 5 ዲናር ነው እንበልና በሳምንት ሁለት ብትጨርሺ፣ በወር ከ40 ዲናር በላይ ይሆናል። በዓመት 520 ዲናር ማለት ነው። ይህ ለእናትሽ የምትልኪው ነበር ወይስ ለትኬት የምታጠራቅሚው? በወረቀት ላይ ጻፊውና ራስሽ ፍረጂ።

በነጻ የሚሰጥሽንም ተጠንቀቂ። የሕንጻው ሃሪስ፣ ሾፌሩ ወይም የቤቱ ጎረምሳ «እኔ አመጣልሻለሁ» ካለሽ፣ ነገ ሱሱ ሲነሳብሽ ዕቃው ያለው በሱ እጅ ነው። ብዙ ጊዜ ውለታ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። በሌላ ሰው እጅ የተንጠለጠለ ሱስ አይኑርሽ።

5. አጠቃቀም፦ ደረጃ በደረጃ

1) ከመሙላትሽ በፊት እጅሽን አድርቂ፤ ብትችይ ጓንት አድርጊ። ፈሳሹ በቆዳ በኩልም ወደ ደም ይገባል።

2) ሕፃን በሌለበት ክፍል ሙይ። ፖዱን እስከ አፉ አትሙይ።

3) አዲስ ፖድ ከሞላሽ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አቆይው። ውስጡ ያለው ጥጥ ሳይርስ ከተሳበ ይቃጠላል። የተቃጠለ ሽታ ከሸተተሽ አቁሚ፤ በደረቀ ጥጥ ላይ ሲሞቅ እንደ ፎርማልዴሃይድ ያሉ መርዛማ ነገሮች ይፈጠራሉ።

4) አጠር አድርገሽ ሳቢ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ስበሽ አስቀምጪው። ሲጋራ ሲያልቅ ያልቃል፣ ቬፕ ግን መጨረሻ የለውም። ኪስሽ ውስጥ ሆኖ ቀኑን ሙሉ መሳብ ነው ሱሱን የሚያጠነክረው።

5) እነዚህ ምልክቶች ከመጡ ወዲያው አቁሚ፦ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ምራቅ መብዛት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የልብ መምታት። ይህ ሰውነትሽ «በዛብኝ» ሲል ነው። ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂጂ፣ ተቀመጪ። መተንፈስ ካስቸገረሽ፣ ከተንቀጠቀጥሽ ወይም ማስመለሱ ካልቆመ ሐኪም ጋ መሄድ አለብሽ።

6) ፈሳሹ ላይ ምንም ነገር አትጨምሪ። ሽቶ፣ ዘይት፣ ቅመም ለሳንባ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ በቬፕ ምክንያት ከባድ የሳንባ ጉዳት ተከሥቶ እስከ የካቲት 2020 ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው 68 ሞተዋል። ዋናው ምክንያት ከመንገድ በተገዛ የካናቢስ ፈሳሽ ውስጥ የተጨመረ የቫይታሚን ኢ ዘይት ነበር።

7) ባትሪውን አልጋ ላይ ወይም ትራስ ሥር ቻርጅ አታድርጊ፤ ተኝተሽም ሰክተሽ አትተዪ። በራሱ ገመድ ተጠቀሚ። ካበጠ ወይም ከጋለ አትንኪው።

ስለ ቡና አንድ ነገር። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አካል ካፌይንን ቶሎ ያስወግዳል፤ ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ነው። ከሲጋራ ወደ ቬፕ ስትቀየሪ እንደ ድሮሽ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለሽ ከጠጣሽ ቡናው እጥፍ ሊሰማሽ ይችላል፦ እጅ መንቀጥቀጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ። «ቬፑ አልተስማማኝም» ከማለትሽ በፊት ቡናውን ቀንሺና እዪ።

6. በምትሠሪበት ቤት፦ ሕፃናትና ጽዳት

ይህ ክፍል ቬፕ ለማትነካም ጭምር ነው። ዮርዳኖስ በዓለም ላይ ማጨስ በጣም ከተስፋፋባቸው አገሮች አንዷ ናት። በምትሠሪበት ቤት አባትየው ወይም ልጁ ቬፕ ሊኖረው ይችላል።

በ50 ሚሊግራም ፈሳሽ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ እንኳን ትንሽ ልጅን ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት አንድ የአንድ ዓመት ሕፃን የቬፕ ኒኮቲን ፈሳሽ ውጦ ሞቷል። ከዚያ በኋላ በ2016 በአሜሪካ ጠርሙሶቹ ሕፃን የማይከፍተው ክዳን እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ፈሳሹ የከረሜላ ሽታ ስላለው ልጅን ይስባል።

ስለዚህ፦

- ጠርሙስ ወይም ፖድ መሬት ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ አልጋ ላይ ካገኘሽ አንስተሽ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪ፣ ለማዳምም ንገሪ። «ሀዳ ኸጢር ዐላ ል-ውላድ» (ይህ ለልጆች አደገኛ ነው) በይ። በስልክሽ ፎቶ አንስተሽ ብትልኪላት ደግሞ የት እንዳገኘሽውና መናገርሽን የሚያሳይ ይቀርልሻል። ልጁ ቢጎዳ ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ወዳንቺ መሆኑን እናውቃለን።
- የፈሰሰ ፈሳሽ በባዶ እጅ አትጥረጊ። ጓንት አድርጊ፣ በወረቀት አንሺ፣ ከዚያ በውኃና በሳሙና እጠቢ። ልብስሽ ላይ ከፈሰሰ አውልቂው፤ ቆዳሽን በብዙ ውኃ ታጠቢ። ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውኃ እጠቢ።
- ያለቀ ፖድና ጠርሙስ ክዳን በሌለው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትጣይ። ሕፃን አውጥቶ ይጠባዋል።
- የራስሽም ከሆነ ሕፃኑ በሚደርስበት ቦርሳ ወይም በመኝታሽ ሥር አታስቀምጪ፤ ሕፃን ባለበትም አትሳቢ።
- በጭጋግ የተሞላ ክፍል እንድታጸጂ ከታዘዝሽ መስኮት መክፈት ትችያለሽ። «ሙምኪን አፍተሕ ኢሽ-ሹባክ?» (መስኮቱን ልክፈት?) ብለሽ ጠይቂ።

ሕፃን ከዋጠ፦ እንዲያስመልሰው አታስገድጂ። ወተትም ምንም አትስጪው። አፉ ውስጥ የቀረውን ጥረጊ። ወዲያው 911 ደውዪ። «ኢስዓፍ! ኢል-ወለድ ሺሪብ ሳኢል ኢል-ቬፕ፣ ፊ ኒኮቲን» (አምቡላንስ! ልጁ የቬፕ ፈሳሽ ጠጣ፣ ኒኮቲን አለበት) በዪ። ራሱን ከሳተ በጎኑ አስተኝው። ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ ቁጥሩን ማየት አለበት። ማዳም እንዳትቆጣ ብለሽ አትቆዪ፤ ደቂቃዎች ዋጋ አላቸው።

7. ከመብትሽ ጋር የሚያያዘው

ብዙ እህቶች ኒኮቲን የሚጀምሩት ለመዝናናት አይደለም። እንቅልፍ እንዳያሸንፋቸው፣ ረኀቡ እንዲያልፍ፣ ብቸኝነቱ እንዲቀል ነው። ይህን መናገር ነውር የለውም። ግን ኒኮቲን እንቅልፍን አይተካም፤ ያራዝመዋል እንጂ። ድካሙ ከሥራው ከመጣ መፍትሔውም ከሥራው ጋር ነው።

በዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞች በሠራተኛ ሕግ ውስጥ የተካተቱት እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገ ማሻሻያ ነው። በ2009 የወጣው ደንብ ቁጥር 90 ደግሞ ሳምንታዊ የዕረፍት ቀን፣ በዓመት 14 ቀን ከክፍያ ጋር ዕረፍት፣ 14 ቀን የሕመም ፈቃድ ይሰጥሻል። ደመወዝሽም በደረሰ በ7 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። ምግብ፣ ተስማሚ መኝታና ሕክምና የአሠሪው ግዴታ ናቸው። «ቬፕ አገኘሁብሽ» ብሎ ፓስፖርትሽን መያዝም አይፈቀድም፤ የሰው ፓስፖርት መያዝ በዮርዳኖስ የፓስፖርት ሕግ (ቁጥር 2፣ 1969) ወንጀል ነው።

በሌላ በኩል የሰው ቤት ነውና አሠሪሽ ቤቱ ውስጥ እንዳታጨሺ ወይም ቬፕ እንዳትስቢ ሊከለክልሽ ይችላል። ይህን አክብሪ። መከልከል ሌላ፣ መደብደብ፣ መቆለፍ፣ ደመወዝ ማስቀረት ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰብሽ ቀኑንና የሆነውን ጻፊ። በሠራተኛ ሚኒስቴር የቤት ሠራተኞች ክፍል አቤት ማለት ይቻላል፤ ዐማን ውስጥ ተምኪን የተባለው የሕግ ድጋፍ ድርጅት የስደተኛ ሠራተኞችን ጉዳይ ይከታተላል። አስቸኳይ አደጋ ከሆነ 911 ነው።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ደግሞ፦

አንደኛ፣ የማታውቂውን ሰው ቬፕ አትሳቢ። በዮርዳኖስ «ጆከር» የሚባል ሰው ሠራሽ አደንዛዥ ዕፅ አለ። እንዲህ ያለው ዕፅ በቬፕ ፈሳሽ ውስጥ ሊደባለቅ ይችላል፤ በዓይንም በሽታም አይለይም። ራስሽን ስተሽ ልትወድቂ ትችያለሽ፤ እጅሽ ላይ ከተገኘ ደግሞ የዕፅ ክስ ነው። «ለጓደኛዬ አድርሺልኝ» የተባልሽውን ጠርሙስም አትያዢ።

ሁለተኛ፣ ዝግ በሆኑ የሕዝብ ቦታዎች፣ በሆስፒታል፣ በገበያ ማዕከል፣ በአውቶብስ አትሳቢ። የዮርዳኖስ የሕዝብ ጤና ሕግ (ቁጥር 47፣ 2008) በሕዝብ ቦታ ማጨስን ይከለክላል፤ በ2020 መንግሥት ክልከላው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራንም እንደሚያካትት አስታውቋል።

ሦስተኛ፣ ወደ አገር ስትገቢ ቬፕ በስጦታም ሆነ በሻንጣ ይዘሽ አትሂጂ። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራና ሺሻ ማስገባትም መሸጥም ክልክል ነው። ለወንድሜ ብለሽ የገዛሽው ቦሌ ላይ ችግር ያመጣብሻል።

8. ማቆም ብፈልግስ?

መጀመሪያ ሱስሽን ለኪ። ጠዋት ከነቃሽ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምትስቢ ከሆነ ጠንካራ ነው። ይህ ማለት አትችይም ማለት አይደለም፤ ዝግጅት ያስፈልጋል ማለት ነው።

- ቁጥሩን በደረጃ አውርጂ፦ ከ20 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 5፣ ከዚያ ወደ ዜሮ። በየደረጃው ጥቂት ሳምንት ቆዪ። ስትቀንሺ ብዙ ጊዜ መሳብ ከጀመርሽ ቸኩለሻል፤ ትንሽ ቆዪበት።
- በቀን የተወሰነ ሰዓት ብቻ ሳቢ። በመጀመሪያ የጠዋቱን አዘግዪ።
- ካቆምሽ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ይከብዳሉ፤ በሁለትና በአራት ሳምንት መሐል ይቀላል። መነጫነጭ፣ ትኩረት ማጣት፣ ረኀብ ይመጣል። ከተቻለ ካንቺ ላይ ሥራ የማይበዛበት ሳምንት ምረጪ፤ ረመዳንና ዒድ ሲደርስ አትጀምሪ፣ ሥራው ራሱ ይበቃል።
- አምሮቱ ሲነሳ ጥቂት ደቂቃ ታግሠሽ እለፊው። ውኃ ጠጪ፣ ቆሎ ቆርጥሚ፣ ለጓደኛ ድምፅ ላኪ።
- በዐማን የጤና ሚኒስቴርም የንጉሥ ሁሴን የካንሰር ማዕከልም ማጨስ ለማቆም የሚረዱ ክሊኒኮች አሏቸው። ስትሄጂ የቋንቋ ችግር ካለ አረብኛ የምትችል ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ፤ የምትጠቀሚውን ጠርሙስም አሳዪያቸው።

9. ራስሽን ጠይቂ

ትምህርቱን ከጓደኞችሽ ጋር ስታነቡ እነዚህን ተጠያየቁ፦

1. ጠርሙሱ ላይ «3 በመቶ» ቢል በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊግራም ነው? (30። ከመከርንሽ ይበልጣል።)
2. ሶልት ጉሮሮ የማይቧጥጥ መሆኑ ለምን አደገኛ ይሆናል? (ሰውነት ቶሎ አያስጠነቅቅም፤ ብዙ ይሳባል።)
3. የምትይዢው ልጅ የቬፕ ጠርሙስ አፉ ውስጥ ከትቶ አገኘሽው። መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? (ከአፉ አውጪ፣ አታስመልሺው፣ 911 ደውዪ፣ ጠርሙሱን ያዢ።)
4. ጓደኛሽ አጭሳ አታውቅም፣ «የማንጎው ይጣፍጣል» አለችሽ። ምን ትያታለሽ?

የአራተኛውን መልስ አልጻፍንም። አንቺ ከኛ ይልቅ ታውቂያታለሽ፤ በምን ቋንቋ እንደምትሰማሽም ታውቂያለሽ። ቁጥሩን ብቻ አሳያት።